የእድራችን የመድኃኒት ሣጥን

የመድኃኒቱ ሣጥን እኔ ቤት የተቀመጠው ጠንቃቃ ናት ተብሎ ነው። በሰፈራችን የሴቶች እድር ውስጥ ከእኔ የተማሩ ሞልተዋል፤ አስተማሪ አለች፣ ማዘጋጃ ቤት የምትሠራ አለች። እኔ ያቆምኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን የእድሩን ዕቃ ስጠብቅ፣ ብረት ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ብርጭቆውን፣ ድንኳኑን ሳወጣና ሳስገባ፣ በዘጠኝ ዓመት አንድ ማንኪያ አልጠፋብኝም። ማን ምን እንደወሰደ፣ መቼ እንደመለሰ በደብተር እጽፋለሁ። መድኃኒቱም ሲመጣ «ለእሷ ስጧት» ተባለ።

ስጋት የማያጣኝ ሰው ነኝ። ከቤት ስወጣ የጋዙን ሲሊንደር ዘግቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ከመንገዱ ጥግ ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ አየዋለሁ። ልጄ ባጃጅ ውስጥ ዳር ላይ እንዳትቀመጥ፣ የጅቡቲን መንገድ ብቻዋን እንዳታቋርጥ ጠዋት ጠዋት እነግራታለሁ፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ደርሳም እነግራታለሁ። ትምህርት ቤቷ በር ላይ ስለ አደንዛዥ ዕፅ የተሰቀለ ሥዕል አለ። ሲጋራ፣ መርፌና የራስ ቅል ተሥሎበታል። እሱን ካየሁ ወዲህ ቦርሳዋን ሳትሰማኝ እፈትሽ ነበር። እንዲህ ያለ ሞት የራሱ መልክ ያለው፣ ሲመጣ የሚታወቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። መድኃኒት ግን ሐኪም ያዘዘው ነው። በወረቀት፣ በማኅተም የወጣ ነው። እሱን ማን ይፈራል?

ሣጥኑ የተጀመረው እንዲህ ነው። የአንዷ አባላችን ባል በካንሰር ብዙ ጊዜ ማቅቆ ሞተ። ከአርባው በኋላ ሚስቱ ፌስታል ሙሉ መድኃኒት ይዛ መጣች።

«ቤት ውስጥ ሳየው እሱን የማይ እየመሰለኝ ነው» አለችኝ። «መጣል ደግሞ ኃጢአት ነው። ስንቱ ማስታገሻ አጥቶ እየጮኸ። ለታመመ ስጪልኝ፤ ለነፍሱ ይሁን።»

ኮቱንና ጫማውን ለቤተ ክርስቲያን በር ነዳያን እንደሰጠችው ሁሉ መድኃኒቱንም እንደዚያው ነው የሰጠችው። እኔም እንደ ልብስ ተቀበልኩት። ወሬው ሲሰማ ሌሎቹም ማምጣት ጀመሩ። ከሞተ ሰው የተረፈ፣ ከዳነ ሰው የተረፈ፣ ከአረብ አገር የመጣ። የባለቤቴ ጓደኛ አናጺ ነው፤ መቆለፊያ ያለው ሣጥን ሠራልኝ። የአዳማ ሙቀት እንዳያበላሸው ከአልጋ ሥር፣ ጥላ ባለበት አስቀመጥኩት። ልጆች እንዳይነኩት ቁልፉን በክር አንገቴ ላይ አሠርኩ። በላዩ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ አላነበውም። ስለዚህ ያመጣችውን ሴት «ለምን ነበር የሚወስደው?» ብዬ እጠይቅና በአማርኛ ወረቀት ላይ ጽፌ እጠቀልልበታለሁ። «የወገብ»፣ «የሳል»፣ «የእንቅልፍ»። የካንሰሩን ሰውዬ መድኃኒት «ለኃይለኛ ሕመም» ብዬ ጻፍኩበት።

እድርተኞቹ ይቀልዱብኝ ነበር። ለስብሰባ ስገባ አንዷ ከኋላ «የጤና ሚኒስትሯ መጣች፣ ተነሡ!» ትላለች።

«ሚኒስትሯ፣ ለአማቴ አፍ ማዘጊያ የሚሆን የለሽም?»

«እሱ አልቋል» እላለሁ፤ «ሁላችሁም ወሰዳችሁት።»

ይስቃሉ። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። መዋሸት አልችልም፤ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ታሞ መጥቶ ከእጄ ወስዶ ሲሻለው፣ «እጅሽ ይባረክ» ሲለኝ፣ ትምህርቴን ማቋረጤ የተካሰ ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤቴ በዕድሜ ትበልጠኝ ነበርና እታለም እላታለሁ። ግድግዳችን አንድ ነው፤ እሷ ስታነጥስ እኔ «ይማርሽ» እላለሁ። ባቱ አጠገብ አበባ እርሻ ውስጥ ብዙ ዓመት ጎንበስ ብላ ስትሠራ ኖራ ወገቧ እምቢ ሲላት ነው ወደ አዳማ የተመለሰችው። አንዲት ልጅ አለቻት፤ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ሁለቱ እንደ እህትማማች ነበሩ። ሲጣሉም እንደ እህትማማች ነው የሚጣሉት፤ በዚያ ግድግዳ ሁሉንም እሰማለሁ።

ያን ቅዳሜ ነፋሱ አቧራውን እያነሣ ሰፈሩን ሲያለብስ ዋለ። እታለም ቀትር ላይ መጥታ በሬ ላይ ቆመች። ከተቀመጠች ለመነሣት ስለምትቸገር አትቀመጥም።

«ዛሬስ ወገብ አይደለም፣ እሳት ነው» አለችኝ።

«ጤና ጣቢያ የሰጡሽስ?»

«እሱማ ሆዴን ነው እንጂ ወገቤን መች ያውቀዋል።»

«እንቅልፍስ?»

«ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ... ኧረ ተይኝ። አንቺ ሴትዮ ቁልፍሽን አውጪ።»

ቁልፌን አወጣሁ። የካንሰሩን ሰውዬ መድኃኒት በወረቀቱ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ደግሞም ስላልተኛች ከእንቅልፉ ጨመርኩላት።

«በባዶ ሆድ እንዳትውጪው።»

«አንቺ እኮ ውሃም ብትሰጪ ዳቦ ብሉበት ትያለሽ።»

ዳቦ ቆረስኩላት። እስክትጨርሰው ድረስ አጠገቧ ቆምኩ። ጥንቃቄ ማለት ለእኔ ይህ ነበር። ሌላ የምትወስጅው መድኃኒት አለ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። በሣጥኑ ዘመን ሁሉ ያን ጥያቄ ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ይጠየቃል ብዬም አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ገደማ ማንኮራፋቷን ሰማሁ። እታለም ታንኮራፋለች፤ ይህኛው ግን ከባድ ነበር፤ ይጎተታል፣ ይቋረጣል፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። «ተመስገን» አልኩ። ሬዲዮኔን ዘጋሁ። ግቢ ውስጥ ኳስ የሚጫወቱትን ልጆች አባረርኩ። ከግቢያችን ፊት ለፊት ብረት የሚበይድ ሰውዬ አለ፤ ሄጄ ለመንኩት። «ሦስት ቀን ያልተኛች ሰው ናት፤ እባክህን ትንሽ ጊዜ ብቻ።» ጥሩ ሰው ነው፤ ማሽኑን አጠፋ፤ ራሱም ቁጭ ብሎ ማስቲካ ያኝክ ጀመር። ሰፈሩ በሙሉ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ጸጥ ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ልጅቷ ከሥራ መጣች። በር ላይ ጠብቄ ያዝኳት።

«እናትሽ ተኝታለች፤ አትቀስቅሻት።»

«እውነትዎን ነው እትዬ? ተኛች?»

«ስሚያታ!»

ሁለታችንም በግድግዳው በኩል አዳመጥንና ተሳሳቅን። ልጅቷ እኔ ቤት ገብታ ሻይ ጠጣች። ስለ አንዲት አስቸጋሪ ደንበኛዋ አወራችኝ፤ ሙሽራ ናት፣ ቀሚሱን ሦስት ጊዜ አስፈትታዋለች። ስናወራ ማንኮራፋቱ ቆመ። መቆሙን ልብ ያልኩት እኔ ነኝ። «አሁን ደላት» አልኩ። ልጅቷ ሁለተኛ ብርጭቆ ቀዳች።

ከዚያ ወደ ቤቷ ሄደች። የሰማሁት ጩኸት አልነበረም። «እትዬ፣ እትዬ፣ እትዬ» ብቻ ነው፤ ድምፁ እየወረደ። ስገባ የእታለም ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። እጇ ግን ገና ሞቃት ነበር። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናት፤ በእኔ ጭን ላይ ሆና ነው የሄደችው። ሐኪሙ ጥቂት ከሞከረ በኋላ ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ።

«በሽታ ነበረባት?»

«ወገቧን» አለች ልጅቷ። «ግፊትም ትንሽ አለባት።»

«መድኃኒት ትወስድ ነበር?»

«ጤና ጣቢያ የሰጧትን ማስታገሻ።»

ሐኪሙ ልብ ሳይሆን አይቀርም አለ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር። ዝም ያልኩት ለመደበቅ አይደለም፤ ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ይኸው ነው። ጭራሽ አልመጣልኝም። እኔ የሰጠኋት መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ደግሞ ያድናል።

ድንኳኑን አወጣሁ፣ ብርጭቆውን ቆጥሬ ሰጠሁ። ለቅሶ ላይ ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት። «ሳትሠቃይ፣ በእንቅልፏ ነው ያረፈችው። እንዲህ ያለውን ሞት ለሁላችንም ያድርገው።» እኔም «አሜን» እያልኩ ነበር።

ከሰልስት በኋላ ልጅቷ ፌስታል ይዛ መጣች። ዓይኗ አብጦ ጠፍቷል።

«የእማዬ መድኃኒት ነው። ሣጥኑ ውስጥ ያስገቡልኝ፤ ለነፍሷ ይሁን።»

ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፍኩት። መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ጽሑፍ ነው፤ «ለኃይለኛ ሕመም»፣ «የእንቅልፍ»። ከእነሱ ሌላ ጤና ጣቢያ የሰጧት ማስታገሻ ነበር። ቢሾፍቱ ያለችው እህቷ የላከችላት የሳል ሽሮፕ ነበር። ከአንድ ፋርማሲ ጡንቻ ያፍታታል ተብላ የገዛችው ኪኒን ነበር። አምስት ዓይነት። እህቷ የእኔን አታውቅም። እኔ የእህቷን አላውቅም። ጤና ጣቢያው ሁላችንንም አያውቀንም።

ልጄ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። እያንዳንዱ ለምን እንደሆነ ለይቼ ልጽፍበት ስለፈለግሁ አንብቢልኝ አልኳት። ልጄ ከየካርቶኑ ውስጥ ተጣጥፋ የምትገኘውን ቀጭን ወረቀት እያወጣች ታነብ ጀመር። በእርሳሷ እየተከተለች አንዱን አነበበች፤ ሌላውን አነበበች። ከዚያ እርሳሷን አስቀመጠች።

«እማዬ፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነገር ነው የተጻፈው።»

«ምን ይላል?»

«እንቅልፍ ያመጣል ይላል።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«እንቅልፍ ከሚያመጣ ሌላ መድኃኒት ጋር አይወሰድ ይላል። ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል ይላል። ይሄም ይላል። ይሄኛውም።»

«ደግመሽ አንብቢ» አልኳት። ደግማ አነበበች። ልጄ ፊቴን አይታ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች።

በማግስቱ ፌስታሉን ይዤ ልጄን ወደማሳክምበት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ያለችው ወጣት ሴት ናት፤ ሰው የማታመናጭቅ ናት። በመስታወቱ ቀዳዳ አንድ በአንድ አሳየኋት። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ በጎን በር አስገባችኝ።

«እናት፣ ይሄን ሁሉ የሚወስደው አንድ ሰው ነው?»

«አንድ ሰው ነው።»

«የት ናቸው አሁን?»

«ቀብረናታል።»

የያዘችውን ካርቶን አስቀመጠች። «ከመሞታቸው በፊት ያንኮራፉ ነበር?»

«ኧረ በኃይል! ደስ ብሎኝ...»

«ማንኮራፋት አልነበረም እናት። አየር አጥሯቸው ነው። ያኔ ሰው ቢቀሰቅሳቸውና ሆስፒታል ቢደርሱ...» ቃሏን አልጨረሰችም። ፊቴን አይታ ይመስለኛል።

ግድግዳ ዳር ያለ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ብረት በያጁን ያስቆምኩት እኔ ነኝ። ልጅቷን በር ላይ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ሻይ አጠጥቻታለሁ።

«ሐኪም ያዘዘው ነው እኮ» አልኳት።

«ለማን ያዘዘው?» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ የካንሰር ሕመምተኛ ቀስ በቀስ የለመደው ነው። ላልለመደ ሰው በጣም ከባድ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው፣ ለታዘዘለት ሰው፣ ስህተት የለበትም። ሆድ ውስጥ ሲገናኙ ነው። በዚህ የሚሞተው መንገድ ላይ ያለ ወጣት ብቻ ይመስላችኋል። እኔ ጋ ወሬያቸው የሚደርሰኝ ግን እንደ እናንተ ያሉ ናቸው። ወገቡን የሚያመው፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሁለት ቦታ ታክሞ ከጎረቤት የጨመረ። ተኝቶ ቀረ ይባላል፤ ልብ ነው ይባላል፤ ይቀበራል።»

ተኝቶ ቀረ። እሷ ይህን ስትል እኔ ሁለት ሰው ትዝ አለኝ። የአንዷ እድርተኛ ወንድም፣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ለጉልበቱ ከሣጥኑ ተሰጥቶት ነበር፤ መተሐራ ላይ መኪናውን ዳር አቁሞ በጠራራ ፀሐይ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ቀረ። ሙቀቱ ነው ተባለ። አስም የነበረባቸው አንዲት ባልቴትም ለሳልና ለእንቅልፍ ወስደው ነበር። ዕድሜ ነው ተባለ። የእኔ መድኃኒት ይሁን አይሁን አላውቅም። ዛሬም አላውቅም። ከሣጥኑ የወጣው ግን በሁለቱም ቤት ነበር፤ እኔም በሁለቱም ለቅሶ ላይ ብርጭቆ ቆጥሬያለሁ።

«ከዚህ ከኃይለኛው ለሌላ ሰው ሰጥተዋል?» አለችኝ የመድኃኒት ክፍሏ ልጅ።

«ሰጥቻለሁ።»

«ለማን ለማን?»

አላስታወስኩም። ለማንኪያ ደብተር ነበረኝ፤ ለመድኃኒቱ አልነበረኝም። ለነፍስ የተሰጠ ነገር አይመዘገብም። ደግሞም ሰው ሕመሙ በእድር ደብተር ላይ እንዲታይ አይፈልግም፤ አንዷ በጓሮ በር፣ አንዷ ልጇን ልካ ነው የምታስወስደው። ሞት በየሰዉ ቤት፣ በየኮመዲኖው ውስጥ፣ በእኔ ወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በማን ቤት እንደሆነ ግን አላውቅም።

«ዛሬ ነገ ሳይሉ ይሰብስቡት» አለችኝ። «እኔ ጋ ያምጡት።»

ለባለቤቴ ነገርኩት። ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ ረጋ ያለ ሰው ነው። ያን ቀን ግን እጁን ሳይታጠብ ነው የተቀመጠው።

«ትታሰሪያለሽ» አለኝ። «ልጅ አለሽ። ሣጥኑን ሽንት ቤት ክተቺውና ዝም በይ። እሷ እንደሆነች አትመለስም።»

«የወጣውስ?»

«የቱ?»

«በየሰው ቤት ያለው።»

እጁን ሊታጠብ ተነሥቶ «ጊዜው አልፎበታል ብለሽ መልሱ በያቸው» አለኝ።

ሞከርኩት። ለሦስት ሴቶች እንዲያ አልኳቸው። አንደኛዋ ሳቀችብኝ። «ጊዜው ቢያልፍም ይሠራል፤ እኔ ወስጄ አይቼዋለሁ!» ሁለተኛዋ «ሚኒስትሯ፣ ለሌላ ሰው ልትሰጪብኝ ነው አይደል?» አለችኝ። ሦስተኛዋ «አልቋል» አለች፤ ዓይኗ ግን ወደ መሳቢያው ሄደ። በውሸት የሚሰጠኝ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ለምን እንደሆነ ካልነገርኳቸው አያወጡትም። ለምን እንደሆነ ከነገርኳቸው ደግሞ የእታለም ልጅ ትሰማለች።

የእድሩ ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ልጅቷ በእናቷ ቦታ ገብታለች፤ በእድራችን እናት ስትሞት ልጅ ትተካለች። ከል ለብሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ሰብሳቢያችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሁሉንም ሴት በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ስለ ድንኳኑ መቀደድ ከተነጋገርን በኋላ «ሌላ ጉዳይ ያላት?» አሉ። ተነሣሁ።

«ሚኒስትሯ ልትናገር ነው፣ ዝም በሉ!» አለች አንዷ። ሳቁ።

የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፋኝ።

«እታለም በልብ አልሞተችም» አልኩ። «እኔ የሰጠኋት መድኃኒት ነው። ከሌላው ጋር ተደምሮ ትንፋሿን አቆመው። ስታንኮራፋ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ እየሞተች ነው። ልጇ ስትመጣ አትቀስቅሻት አልኳት።»

በሩ በኩል ማየት አልቻልኩም። መሬቱን እያየሁ ቀጠልኩ።

«ያው መድኃኒት በእናንተ ቤትም አለ። በማን ቤት እንደሆነ አልጻፍኩትም። ለእግዚአብሔር ስትሉ አሁኑኑ አምጡልኝ። ስለ እኔ የምትሉትን ከዚያ በኋላ በሉ።»

የቆርቆሮው ጣሪያ በነፋሱ ሲንቋቋ ይሰማል። መጀመሪያ የተናገረችው ስትቀልድ የነበረችው ሴት ናት።

«እንዴ፣ ገደልኳት ነው የምትይን?»

«አዎ።»

«ባለፈው ለባሌ የሰጠሽኝስ? ቤት ተኝቷል እኮ አሁን!» ብላ ነጠላዋን ሳትይዝ ሮጠች። ከዚያ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጮኸ። አንዷ «እኛ በአደራ ብለን!» አለች። አንዷ ሰደበችኝ። አስተማሪዋ «እኔም አንብቤ አላውቅም፤ እንግሊዝኛ አውቃለሁ፣ ግን አንብቤው አላውቅም» እያለች ደጋግማ ለብቻዋ ታወራለች። ሰብሳቢያችን ከነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈቱና በወረቀቴ የተጠቀለለ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ለጉልበቴ ነበር» አሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ዛሬ ልውጠው ነበር እኮ።»

ሴቶቹ እየሄዱ ይመለሱ ጀመር። በፌስታል፣ በመሐረብ፣ በሻይ ቆርቆሮ። ከሣጥኔ ያልወጣም ጭምር፤ ፈርተው ያላቸውን ሁሉ ያመጣሉ። የሮጠችውም ተመለሰች፤ ባሏ ካርታ እየተጫወተ አገኘችው፤ መድኃኒቱን ጠረጴዛው ላይ ጥላ እያለቀሰች ሰደበችኝ።

የእታለም ልጅ ከቦታዋ አልተነሣችም ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ወንበሯ ባዶ ሆኗል። ሄደች አልኩ፤ ፖሊስ ልትጠራ ነው ብዬም አሰብኩ፤ ብትጠራም አልፈርድባትም። ግን ተመለሰች። ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት። እጇ ውስጥ መሐረብ አለ። ፈታችው። ከሁለቱም ዓይነት ነበር፤ ከኃይለኛውም ከእንቅልፉም።

«ከእማዬ ያስቀረሁት ነው» አለች። ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

«ወስደሻል?»

«ትናንት የእንቅልፉን። አልበቃኝም። ዛሬ ሁለቱንም አንድ ላይ ልወስድ ነበር። እማዬን አስተኝቷት የለ።»

ልይዛት እጄን ዘረጋሁ፤ ወደ ኋላ አለች።

«እኔ ጋ እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ? ዝም ቢሉኝ ኖሮ፣ እማዬ በእንቅልፏ ሞተች ብዬ እኖር ነበር። እኔ ሻይ እየጠጣሁ... ለምን ነገሩኝ?»

«በማን ቤት እንዳለ ስለማላውቅ» አልኳት።

መሐረቡን እጄ ላይ አላኖረችውም። ጠረጴዛው ላይ ጥላው ወጣች። ሰብሳቢያችን ወዲያው አራት ሴቶች መረጡ። «ፍራሽ ይዛችሁ ሂዱ። አርባዋ እስኪወጣ ተራ ግቡ፤ ብቻዋን እንዳትተኛ።» አራቱ ተከተሏት። እኔን ነይ ያለኝ የለም። የቅርብ ጎረቤቷ እኔ ነኝ፤ ነገር ግን ማንም ወደ እኔ አላየም፤ ይህም ትክክል ነበር።

ልጅቷ ዛሬ በሕይወት አለች። ቢሾፍቱ አክስቷ ጋ ሄዳ እዚያ ትሰፋለች ይባላል። አልከሰሰችኝም፤ ሰላምም አላለችኝም።

ያን እሑድ አዳራሹ ባዶ ሲሆን ጠረጴዛው ላይ ከተከመረው ፊት ብቻዬን ቀረሁ። ወደ ጤና ጣቢያዋ ልጅ መውሰድ ነበረብኝ። እጄ እንደ ልማዱ ሄዶ ይለይ ጀመር፤ ቢጫውን ከቢጫው፣ ነጩን ከነጩ፣ ትልቁን ከትልቁ። ሦስት ክምር ያህል ከሠራሁ በኋላ እጄን ሰበሰብኩ። የትኛው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። መቼም አውቄው አላውቅም። ሁሉንም መልሼ ደባለቅኩና በአንድ ፌስታል አሥሬ ተነሣሁ።